የተገለበጠው ስድስት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በተገኙበት፣ የአማቶቼ ቤት የቪዲዮ ማጫወቻ ከአገልግሎት መሰናበቱን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ሕመሙ የቆየ ነበር፤ ካሴት ሲያጎርሱት ያኝካል። ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው ሶኬቱን በመንቀል ነው። አስከሬኑ እስካሁን ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዳንቴሉን እንደለበሰ ይገኛል።

ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህ ቤት ግን የሚነቀልና የሚሰካ ነገር ሁሉ የእኔ ድርሻ ነው። የቤቱን ልጅ ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከእሷ ጋር ቅዳሜን አብሬ እንዳገባሁ የገባኝ ከሠርጉ በኋላ ነው።

ቅዳሜ እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ መጀመሪያ ፊልም ይታያል። ፊልሙ የግድ ስፖርት ያለበት መሆን አለበት። ቦክስም ይሁን ሩጫ ለውጥ የለውም፤ ሰውዬው ይሸነፋል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ በዝናብ ይሮጣል፣ ያሸንፋል። አማቴ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ እንባቸው የሚመጣው ሌላው ሁሉ በሚያጨበጭብበት ሰዓት ነው። ለተሸናፊው ነው የሚያለቅሱት። «እሱስ እናት የለውም?» ይላሉ።

ከፊልሙ ቀጥሎ የዋንጫው ካሴት ይገባል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የሳሙና ፋብሪካውና የጎማ ፋብሪካው ቡድኖች ያደረጉት የፍጻሜ ጨዋታ፣ ከነድምፁ፣ አለፍ አለፍ እየተባለ የተቀዳ። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ሜዳው ላይ ሁልጊዜ በረዶ ይዘንባል። በአሥረኛው ደቂቃ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ይሮጣል፣ ይመታል፣ ይገባል። የጨዋታው ብቸኛ ጎል ነው። አስተላላፊው ድምፁ እስኪሰነጠቅ «ዘጠኝ ቁጥር!» ብሎ ይጮኻል።

እኛም በአንድ አፍ «ስድስት!» እንላለን።

አስተላላፊውን ማረም የቤቱ ደንብ ነው። ምክንያቱም ጎሉን ያገቡት የእማማ ወንድም ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ጎል የሚላቸው። ጋሼ ጎል የሳሙና ፋብሪካው ስድስት ቁጥር ነበሩ። ታዲያ ጀርባው ላይ የሚታየው ለምን ዘጠኝ ሆነ? ማልያውን የሰፉት የባለቤቴ አባት፣ ልብስ ሰፊው አባባ፣ በጥድፊያ ስድስቷን ገልብጠው ስለሰፏት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ሜዳው ላይ ሁለት ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ዳኛውስ አላየም? ዳኛው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ነበር። የቡድን ጓደኞቻቸውስ? ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ደግሞ ያገባሁት እኔ ነኝ ይላሉ።

ከጎሉ ጋር ጋሼ ጎል በሪሞቱ ያቆሙና ይመልሳሉ። ሪሞቱ ከእሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ካሳዩን በኋላ ወደ አባባ ዞር ይላሉ።

«ምናለ ባትገለብጣት ኖሮ?»

«እጄን በቆረጠው» ይላሉ አባባ።

ከዚያ ይዘጋል። ከጎሉ በኋላ ምን እንደሆነ ያየ የለም። ማየት የምንችልም አልነበርንም፤ በመቆምና በመመለስ ብዛት የካሴቱ ያ ቦታ አልቆ ወደ ነጭ በረዶ ተቀይሯል።

አባባን ላላወቀ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። አባባ አንዲት ክር ሳተች ብለው ሙሉ እጅጌ የሚተረትሩ ሰው ናቸው። ያችን ስድስት ግን አገር ያውቃታል። ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ «አደራ አባባ፣ ኪሱ ከላይ ነው» ይላቸዋል። ይስቃሉ። የሳሙና ፋብሪካው በዓመቱ የማልያውን ሥራ ለሌላ ሰፊ ሰጠ፤ ያን ጊዜም ሳይስቁ አልቀሩም።

በዚህ መሀል ለጋሼ ጎል ደብዳቤ መጣ። ፋብሪካው አዲስ የስፖርት አዳራሽ ሠርቷል፤ የዋንጫዋ ጎል ፎቶ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጥርት ያለ ምስል ይቅረብ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውም ተያይዟል። ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችው። «የዋንጫዋ ጎል። ያገቡት የቡድኑ ስድስት ቁጥር ሲሆኑ፣ በልብስ ሰፊው ስህተት ቁጥሩ ዘጠኝ ሆኖ ይታያል።»

ጋሼ ጎል ደብዳቤውን ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በወረቀት ነው የሚጻፈው?»

«በናስ ነው አባዬ» አለች ባለቤቴ። «ተቀርጾ።»

«ናስ» አሉ አባባ። «ናስ አይተረተርም» አሉና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

እኔ ይህን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። በዚያው ሰሞን የሳሙና ፋብሪካው ማኅደር ክፍል ቧንቧ ፈንድቶ ተጠርቼ ነበር። ካሴቶቹን ከእርጥብ መደርደሪያ ላይ ሳነሳ «የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዋናው» የሚል አይቻለሁ። አባባ እንደወጡ፣ የቀረው ሁሉ በተሰበሰበበት «ዋናው ካሴት አለ፤ በፍላሽ አስገልብጬ አመጣዋለሁ» አልኩ። ማስገልበጥ የሚለው ቃል በዚያ ቤት ደስ እንደማይል የታወቀኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው።

«ፍላሽ ነፍስ የለውም» አሉ ጋሼ ጎል።

«ምስሉ ግን ይጠራል።»

«እውነትና ንጋት ነው እያደር የሚጠራው። ካሴት እያደር ሲጠራ አይተህ ታውቃለህ፣ አንተ ልጅ?»

«ያለ ጥሩ ምስል አይሰቀልም ብለዋላ፣ ጋሼ» አለች ባለቤቴ። በዚህ ነገሩ ተቆረጠ።

በማግስቱ አባባ ሱቅ የእጅ መታጠቢያው ያንጠባጥባል ተብዬ ሄድኩ። አያንጠባጥብም። አባባ መቀሳቸውን አንስተው ከቀይ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስድስት ቆረጡ፤ ቀጥለው ዘጠኝ ቆረጡ። ገበታው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«እያቸው እስቲ።»

አየኋቸው። የስድስቷ ጅራት እንደ መንጠቆ ተጠማዝዛለች። የዘጠኟ ግን ቀጥ ብላ ወርዳለች። አባባ ስድስቷን ገለበጧት። ዘጠኝ ትመስላለች፤ ጅራቷ ግን እንደተጠማዘዘ ነው።

«ሙያ ከጀመርኩ ጀምሮ እንዲህ ነው የምቆርጠው» አሉ። «እንዳይምታቱብኝ ብዬ። ስድስት ገልብጬ ሰፍቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ጋሼ ጎል ጎሉን…»

«እሱ የዚያን ሳምንት ጉልበቱ ተጎድቷል። አልተጫወተም። እኔ ማልያ ቢቀደድ ብዬ መርፌና ክር ይዤ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ ነበርኩ፤ እሱ ከፊቴ። ያገባው ዘጠኝ ቁጥሩ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ የጥርስ ሐኪም ሆኗል አሉ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

አባባ ሁለቱን ቁጥሮች አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። ያ ጉልበት አልዳነም። ሰውዬው ከኳሱም ከሥራውም ወጥተው እነ አባባ ቤት ሦስት ወር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ እህል አስጠላቸው። አንድ ቀን ካሴቱ ሲታይ ቀና ብለው «ያ እኮ እኔ ነኝ» አሉ። እማማ ወጥተው ሾርባ ይዘው ገቡ፤ ጋሼ ጎል ጠጡት።

«ደግሞ ልጅቷ፣ ያንተዋ ሚስት፣ ያኔ ትንሽ ናት፤ ቁጥሩ ዘጠኝ ነው ብላ ተከራከረች። ምን ልበል? የገለበጥኩት እኔ ነኝ አልኩ።»

«እማማ ያውቃሉ?»

«እሷ? እሷ አምናለች። ኳስ መች ታውቅና። ወንድሟ ደስ ብሎት ካየች ይበቃታል።» መቀሱን ሰቀሉት። «ያ ሁሉ በአፍ ብቻ ነበር። አሁን ግን በናስ ሊሆን ነው።»

ፍላሹ ቢቀርስ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።» ይህን ለቧንቧ ሠራተኛ ነው የሚነግሩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ፊልም ይቅር ተባለ። ማጫወቻውን ነቀልኩ፤ ፍላሹን ሰካሁ። አዲሱ ሪሞት እኔ ጋ ሆነ፤ ጋሼ ጎል መነጽራቸውን ረስተው መጥተዋል። ሜዳው አረንጓዴ መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ዝናብ አርሶት ጭቃ የሆነው ቦታ፣ የዳኛው ፊሽካ ክር፣ ሁሉም ይታያል።

«አጀብ ነው» አለች ባለቤቴ። «ፀሐይ የለም እንዴ? ዳኛው ፀሐይ አላሳየው አላላችሁም?»

«ገብታ ወጥታ ነው» አሉ ጋሼ ጎል። «ደመና ታውቂያለሽ?»

አሥረኛው ደቂቃ መጣ። ሰውዬው ጀርባውን ሰጠን፣ ሮጠ፣ መታ።

«አቁመው!» አሉ ጋሼ ጎል።

አቆምኩት። ጀርባው ቴሌቪዥኑን ሞላው። ዘጠኝ። ስፌቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ጅራቷ በማስመሪያ የተሰመረች ይመስል ቀጥ ብላ ወርዳለች። ዓይኔን ወደ አባባ ላለመላክ ጣሪያውን አየሁ፤ ጣሪያው ጥገና ይፈልጋል።

«ይቺን ነው» አሉ ጋሼ ጎል ቶሎ ብለው። «ይቺን ፎቶ ያንሷት። በቃ፣ ዝጋው።»

ባለቤቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግታለች። «አባዬ፣ ያንተ ስፌት ነው አይደል?»

«የኔ ነው።»

«እና ይሄ የተገለበጠ ስድስት ነው?»

አባባ ተነሥተው ቀረብ ብለው አዩ። ሥራቸውን በዚህ ዓይነት ጥራት ሲያዩት በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ጣታቸውን ወደ ጅራቷ ሰደዱ፤ ሳይነኩ መለሱት። ጋሼ ጎል በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ምንጣፉን ያያሉ።

«የተገለበጠ ነው» አሉ አባባ። «እጄን በቆረጠው።»

ጋሼ ጎል ቀና አላሉም።

«እስቲ ቀጥለው» አሉ እማማ፤ ከጥግ ወንበራቸው፣ ክራቸውን እየጠቀለሉ።

«አልቋል እኮ» አሉ ጋሼ ጎል። «ከዚህ በኋላ ምንም የለውም።»

«ቀጥለው አልኩህ፣ ልጄ።»

አማትን እምቢ የሚል አማች ቢኖርም እኔ አይደለሁም። ተጫንኩት። «ዘጠኝ ቁጥር!» አለ አስተላላፊው። እኔ ብቻ፣ በልማድ፣ «ስድስት» አልኩ። ያገባው ሰው በስተቀኝ በኩል ዞሮ ፊቱን ሰጠን፤ ረጅም ነው፣ ጢም አለው፣ ሰዎች እየዘለሉ ያቅፉታል። ካሜራው በስተግራ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ይንሸራተት ጀመር። አባባ ያኔ ገና ከቴሌቪዥኑ አልራቁም ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዱና ወንበሩ በሚመጣበት በኩል ስክሪኑን በጀርባቸው ሸፍነው ቆሙ። አቧራ አለው ብለው በእጅጌያቸው ይጠርጉት ጀመር። የሌለ አቧራ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

እማማ ክሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ዘወር በልልኝ እንጂ ሰውዬ» አሉ። «ወንድሜን ጋረድክብኝ።»

አባባ እጃቸው ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ዘወር አሉ። ከወንበሩ ፊት፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ አንድ ወጣት፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ዘሎ ነበር።