የኢንሻራህ አበባና የአባባ ውሃ

ኮምቦልቻ ያለው ግቢያችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው የሚመታው። ጽጌረዳ ተክለን ደረቀ፤ ሣር ዘርተን ዶሮ ጫረው። ባለቤቴ ኢንሻራህ ግን ከደጋን ከተማ አንዲት የተክል ቁራጭ አምጥታ ጠጠሩ ላይ ሰካች። ቅጠሏ ወፍራም፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ ረፋድ ላይ ሮዝ አበባዋ የሚፈካ ተክል ናት። ስሟን የነገረን የለም። ውሃ ጠፍቶ ሰፈሩ ሲጠወልግ እሷ ትስፋፋለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያያት እኔም ምን ዓይነት ሚስት እንዳገኘሁ ይበልጥ ይገባኛል።

አባቴ ሐጂ አብዱልሐሚድ የደሴ ብርድ ጉልበታቸውን ሲይዛቸው የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው እኛ ጋ ወረዱ። ዕድሜ ልካቸውን ሲነግዱ የኖሩ ሰው ሥራ ፈቱ። ለሶላት ውዱእ ባደረጉ ቁጥር ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውን ውሃ አበባዋ ላይ ያፈሳሉ።

"ውሃ መድፋት ወንጀል ነው፤ ነፍስ ላለው ማጠጣት ግን ከአላህ አጅር አለው" ይላሉ።

ብዙም ሳይቆይ አበባዋ ከመሐል መበስበስ ጀመረች። ውሃው በዝቶባት ነበር። እኔ ደግሞ ነገር በሆዴ አይቆይም፤ ልነግራቸው ስነሣ ኢንሻራህ ክንዴን ያዘችኝ።

"ወላሂ አትነግራቸውም። ሱቁን ተዉ፣ ደሴን ተዉ፤ የቀረቻቸው ሥራ ይቺ ናት። አበባዬ ትሙት እንጂ አባባን አላሳፍርም።"

በማግስቱ የሎሚ ችግኝ ገዝታ አባቴ ውዱእ ከሚያደርጉበት ድንጋይ አጠገብ ተከለች።

"አባባ፣ ይቺ ሎሚ ውሃ ካጣች አትጸድቅም። እኔ ቀን ቀን ሥራ ነው የምውለው። አደራዋን ለእርስዎ ልስጥ?"

"ስጭኝ ልጄ" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ሎሚዋ ለመለመች። አበባዋም የበሰበሰው ተነቅሎላት አገገመች፤ መሐሏ ላይ ግን ባዶ መሬት ቀረ።

ባለፈው እሑድ አባቴን እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ከአበባዋ ቆርጠው ፀሐይ ላይ ያሰነበቷትን ቁራጭ ጠጠሩ ውስጥ ይሰካሉ። አጠገባቸው ያለው ማንቆርቆሪያ ውሃ አለበት።

"አያጠጧትም?" አልኳቸው ለመተንኮስ።

"አንዴ በውሃ ገድያታለሁ፣ ይበቃል" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሎሚዋ ለምን እንደተተከለች የማይገባኝ መስሎሃል? ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር ስውል፣ ሰውን ሳያሳፍር የሚያርም እንደ ኢንሻራህ አላጋጠመኝም። እንዳትነግራት ግን። እንዳላወቀ ሆኜ ልኑርላት።"

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስተው ወደ ሎሚዋ ሄዱ።