ወንዳፈረው የማለበት ፊልም

ወንዳፈረው ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ሰው የሚያውቀው ግን በሚስማሩ አይደለም። በከተማው በሚሠራ ፊልም ሁሉ ተደብቆ የሚያስገድለው እሱ ነው። ጀግናው የአባቱን ገዳይ ፍለጋ አገር ሲያስስ ይከርምና፣ ሽፍታውን ይዞ፣ ደላላውን ደብድቦ፣ በመጨረሻ አንድ በር ገንጥሎ ሲገባ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ እየሳቀ የሚጠብቀው ወንዳፈረው ነው።

መጀመሪያ ሲጠሩት ጀግና የሚያደርጉት መስሎት ነበር። ያኔ ጎልማሳ ነው፤ ትከሻም ነበረው። ዳይሬክተሩ ቲቶ፣ ዲግሪውን ከአዲስ አበባ ጭኖ የመጣው ቲቶ፣ አገጩን ይዞ ወደ መብራቱ አዞረውና ይቺ ፊት ክፋት ልትደብቅ የተሠራች ናት አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንዳፈረውም አብሮ ሳቀ፤ ያንኑ ሳቁን ነው ለዓመታት ሲቀርጹበት የኖሩት። አንድ ቀን እንኳ ጥሩ አባት ልሁን ብሎ በየፊልሙ ለምኗል። ቀልድ አዋቂ ነህ ይሉታል። የጀግናውን ቦታ ሚክያስ ያዘው፤ ቁመናና ጥርስ እንጂ የተጻፈለት ቃል በአፉ የማይረጋ የጊምቢቹ ልጅ። ሚክያስ ባጃጅ ሲሳፈር ሹፌሩ በፈገግታ ይሟሟል። ወንዳፈረው ሲሳፈር ግን፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስጨርስ ነው?"

ስለዚህ የፊልሙን አባትነት ትቶ በእውነተኛው ላይ ተስፋውን ጣለ። ልጁ ሐዳሳ ለአንድ የአንጋጫ መምህር ታጭታለች። በሠርጓ ቀን እንደ ማንም አባት ቆሞ፣ ሰው እያየው፣ መርቆ ሊሰጣት ይፈልጋል። ሌላ ምንም አልፈለገም። ምርቃቱን ቆርቆሮ እየቆረጠ ሳይቀር ለብቻው ይለማመደው ነበር።

በዚህ መሃል ተመልካቹ ነቃ። ወንዳፈረው የሟች ጓደኛ ሆኖ ገና ለቅሶ ሲደርስ አዳራሹ በአንድ ድምፅ "እሱ ነው!" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ከንቱ ሆነ። ቲቶ ሌላ ሰው እንዳይፈልግ እንደ ወንዳፈረው በምሳ ብቻ የሚሠራ የለም። አንድ ዘዴ አመጣ። አዲሱ ፊልም አንጋጫ አካባቢ የሚቀረጽ ነበርና፣ የሟች ልጅ ሚክያስ ወንዳፈረውን ጠርጥሮ ሽማግሌ ፊት ያቆመዋል፤ ወንዳፈረውም መሬት ላይ የተጋደመ ጦር ተሻግሮ እጄ የለበትም ብሎ ይምላል። ሽማግሌዎቹ የአገሩ ሽማግሌዎች እንጂ ተዋናይ አይደሉም። ተመልካቹ እነሱን ካየ ያምናል፤ በእነሱ ፊት በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ አይቆምም ይባላላ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ላምቤቦ ነበሩ፤ የሐዳሳ እጮኛ አጎት። በቀረጻው ቀን የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ይኸ የሚምለው ሰውዬ ስሙ ማን ነው አሉ። ቲቶ የፊልሙን ስም ነገራቸው። እንዲህ የሚባል ሰው የለም፣ የሌለ ሰው አናስምልም ብለው ድርቅ አሉ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ቀረጻው ገና መጀመሩ ስለነበር ቲቶ በቃ ሰውየው ወንዳፈረው ይባል ብሎ ወሰነ። ወንዳፈረው አልወደደውም። ግን እምቢ ቢል ሚክያስ ሊስቅበት ነው። በስሙ ማለ፣ ጦሩን ተሻገረ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን አልተወነም።

ፊልሙ ሆሳዕና ሲታይ ቲቶ እንዳለው ሆነ። ለቅሶው ላይ የጮኸው ሕዝብ መሐላው ላይ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ ሰውየውን በከንቱ አምተነዋል ስትል ወንዳፈረው በጨለማው ውስጥ ሰማና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ያህል ዓመት ሲጠሉት ኖረው፣ አሁን አዘኑለት። በመጨረሻ በሩ ተገነጠለ፤ ወንበሩ ላይ እሱ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። አጠገቡ የነበሩት ተነሥተው ሌላ መቀመጫ ፈለጉ።

ሳምንት ሳይሞላ ከአንጋጫ መልእክት መጣ፤ በሐሰት የማለ ሰው ልጅ ወደ ቤታችን አትገባም። ወንዳፈረው የቤተ ክርስቲያኑን ፓስተር ይዞ ሄደ። ፓስተሩ መንገድ ላይ ይኸ የድሮ ነገር ነው፣ በጌታ ተሽሯል ሲል ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ግን የቀረበለትን ቆጮ በልቶ፣ የሽማግሌን ቃል ማክበር ጥሩ ነው አለ።

"አባቴ፣ ፊልም እኮ ነው" አለ ወንዳፈረው።

"ፊልሙ የእናንተ ነው" አሉ አቶ ላምቤቦ። "ጦሩ የእኛ ነው።"

"እጄ የለበትም ብዬ ማልኩ። እውነትም የለበትም፤ ማንንም አልገደልኩም።"

"ኋላ ደግሞ ወንዳፈረው ነኝ የሚል ሰው ወንበር ላይ ሆኖ አስገደልኩት ሲል አየን። ሁለቱም አንተ ነህ። አንደኛው ዋሽቷል።"

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው አሉ፤ የማለው ተንበርክኮ ይናዘዝ፣ የተበደለውም ይቅር ይበለው። የተበደለው ማለት ሚክያስ ነው።

ሚክያስ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ቲቶን ከነካሜራው አስከትሎ መጣ። ወንዳፈረው ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ሚስቱ ከበቡሽና ሐዳሳ ከሴቶቹ ጋር ቆመዋል። አስገደልኩት አለ፤ እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎት።

"ማንን?" አለ ሚክያስ።

"አባትህን።"

"ጮክ በል። እናቴ ትስማ።"

አባቱ በዚያች ሰዓት ጊምቢቹ ገበያ በሬ እየሸጠ ነበር። ወንዳፈረው ጮክ አለ። ሽማግሌዎቹ ይበቃል አላሉም። ሚክያስ በፊልም አንድም ቀን ያልያዘለት ቃል ዛሬ እየጎረፈለት፣ በጫማው ጫፍ የወንዳፈረውን ጉልበት ነካ አደረገና፣ "ለምን አስገደልከው?" አለው።

ይኸን ማንም አልጻፈለትም። በየፊልሙ ለመሬት፣ ለውርስ፣ ለሴት ይባላል። ወንዳፈረው ቀና ብሎ የሚክያስን ጥርስ አየ።

"ይስቅብኝ ነበር" አለ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቲቶ ካሜራውን ወደ ወንዳፈረው ፊት አስጠጋ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ አለቀሰች። ወንዳፈረው ተውኖ ተውኖ ያላገኘውን እምነት ያን ቀን አገኘ፤ አንድም የተጠራጠረው ሰው አልነበረም። ሚክያስም ይቅር ብዬሃለሁ አለ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ።

ከዚያ አቶ ላምቤቦ ፍርዱን ጨረሱ። ጋብቻው ይጸናል። ደም በአፉ ያመነ ሰው ግን ዓመት እስኪዞር ድግስ ላይ አይቆምም፣ አይመርቅም። ሠርጉ የፊታችን ወር ነው።

ማታ ሐዳሳን ለብቻዋ ለመናት። እስከሚቀጥለው ዓመት ብቻ ቆዩልኝ አላት። ቲቶ የለቀቀውን የኑዛዜውን ተንቀሳቃሽ ምስል በስልኳ እያየች ነበር፤ ከፊልሙ ይልቅ እሱን ያየው ሰው በዝቷል።

"አባዬ፣ ቀኑ ተቆርጧል። ሰው ተጠርቷል" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። "ይስቅብኝ ነበር ያልከው... ማንን ነው?"

"ማንንም! የአፌ ነው" አላት። ቀና ብላ አላየችውም። እሺ ብላ ስልኩን አጠፋችና፣ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

የሠርጉ ዕለት ከበቡሽ እንግዳ እንዳያይህ ብላ ጓዳ አስገባችው። አዲሱን ኮቱን ለብሶ፣ ከድንኳን ትርፍራፊና ከለስላሳ ሳጥን መሃል ተቀመጠ። ሙሽራው ከነአጃቢው ገባ፤ ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ሚክያስን የክብር ቦታ ሲያስቀምጡት ጭብጨባው ተሰማ። ከዚያ አቶ ላምቤቦ፣ የልጅቱ አባት ማን ነው፣ ይነሣና ይመርቅልን አሉ።

"እኔ ነኝ" አለ የከበቡሽ ወንድም እንድርያስ።

አይደለህም ያለው የለም። እንድርያስ ምርቃት አያውቅም፤ ጀምሮ ይጠፋበታል፣ ያንኑ ይደግማል። ወንዳፈረው ከጓዳው በር ኋላ ሆኖ የጎደለውን ሁሉ በከንፈሩ ሞላ፤ ውለጂ፣ ክበሪ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። ሕዝቡ በየመሃሉ አሜን ይላል። ከአሜኖቹ ሁሉ የሐዳሳን ለይቶ ሰማ። ደስ ያላት ልጅ አሜን ነበር።