የማን ሚስት ነሽ?

ቀለም ቀቢዋ መጠጥ ከተወች አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ተወች ይባል እንጂ፣ መጠጡ ገና አልተዋትም። ለዓመታት መጠጧን ከሥራ ባልደረቦቿ የምትደብቀው በቲነር ዕቃ ውስጥ ነበር። የቀለም ማቅጠኛ ማን ይቀምሳል? ማንም አልነቃባትም። አንድ ቀን ግን ጣሪያ ስትቀባ ውላ ከመሰላል ወረደችና ዕቃ ተሳስታ እውነተኛውን ቲነር ጨለጠችው። ሐኪሞቹ ከሞት አፋፍ መለሷት። ታላቅ እህቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ሆንሽ ብለው ቢጠሩኝ፣ የምመጣው ለቀብርሽ ነው» አለቻት። ሐኪሙም ቀበል አድርጎ፣ «ብቻሽን አትወጪውም። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አለ፤ ፈልገሽ ግቢ» አላት።

ፈልጊ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነበር። ወንዶቹ ድሮ የጠጡትን እንደ ጀብዱ ያወሩታል፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ያጨበጭባል። ቀለም ቀቢዋ ምራቋን ስትውጥ ቆይታ ስትወጣ፣ ስትገባ ከነበረው ይልቅ ጠምቷት ነበር። እንዴት ቤቷ እንደደረሰች እሷና እግሯ ናቸው የሚያውቁት።

ሁለተኛው ስብሰባ አንድ አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ገና ከመድረሷ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ምን ታድርግ፣ ሙያዋ ነው። እርጥቡን ሳይፍቁ ቀብተውበት ቀለሙ እንደ ቡግር አብጧል። ‹ይሄን የቀባ እጁን ይቁረጠው› አለች በልቧ። በሩ ላይ የስብሰባው መሪ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል።

«ደህና መጣሽ እህቴ። የማን ሚስት ነሽ?»

«የማንም።»

«እናት ነሽ እንግዲያው?»

«ሰካራም ነኝ።»

መምህሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞሽ፣ ባልሽ ከሆነ ባሌ በይ፤ የሚያሳፍር ነገር የለም። የጠጪዎች ቤተሰቦች ስብሰባ ምድር ቤት ነው» አላት።

«አልሰሙኝም እንዴ? የምጠጣው እኔ ነኝ።»

«ቢሆንም፣ ሴት ካለች ወንዶቹ አይናገሩም። ላንቺም አይመችሽም።» በሩንም በጨዋነት ዘጋባት።

ወንድ ሲጠጣ መከራ ገጥሞት ነው ይባላል። ሴት ስትጠጣ ግን ወይ ባሏ ነው፣ ወይ ውሸቷን ነው! ቀለም ቀቢዋ ደሟ ፈላ። ደግሞም ፈራች። ከዚህ እስከ ቤቷ ሦስት መጠጥ ቤት አለ፤ የሦስቱንም በር የቀባችው እሷ ናት። አሁን ከወጣች ሦስቱን እንደማታልፋቸው ታውቀዋለች። ስለዚህ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

እዚያ ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ስለ ባሎቻቸው ያለቅሳሉ። አንዲት አዋላጅ ነርስ ለሚያለቅሰው ሁሉ ሶፍት ታድላለች። ተራው ሲደርሳት ቀለም ቀቢዋ፣ «በእኔ ቤት የሚጠጣ አንድ ሰው አለ» አለች።

«አይዞሽ» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«እሱም እኔ ነኝ።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ሰብሰብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ተሳስተሽ ነው ልጄ» አሏት አንዲት እናት፣ «እኛ እዚህ የምንመጣው የተጎዳን ነን።»

«እኔስ የደላኝ እመስላለሁ?» ብላ ብድግ አለች። «ፎቅ ስወጣ ውረጂ፣ ምድር ቤት ስገባ ውጪ! የቀረኝ ደረጃው ነው። እዚያ እቀመጣለሁ፤ የሚያስነሳኝ ካለ ይምጣ!»

እንዳለችውም ደረጃው መሐል ላይ ዘፍ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ አልደበቀችም፣ ይኸው መድኃኒቱን ነሷት። እንባዋ መጣ።

የምድር ቤቱ በር ተከፈተና አዋላጇ ሶፍቷን እንደያዘች ወጣች። አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«እዚህ መምጣት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች። «በየሳምንቱ ስለ ባሌ አወራለሁ። ሰክሮ ስለወደቀው፣ ምሎ ስለካደው። ሴቶቹ ያለቅሱልኛል።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?»

አዋላጇ ሶፍቱን ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «ባሌ በሕይወቱ ጠጥቶ አያውቅም።»

ቀለም ቀቢዋ አፏን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ሳቅ አመለጣት። አዋላጇንም ሳቅ ያዛት፤ ግድግዳውን ተደግፈው ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሚስኪን!» አለች ቀለም ቀቢዋ ዓይኗን እየጠረገች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አሰከርሽው?»

«በደንብ አድርጌ ነዋ። አንቺ ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ። ያንቺስ?»

«ዛሬ ገና አንደኛዬ ነው» አለችና ሳቋ ጠፋ።

ከላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። መምህሩ እየወረደ ነው። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ዘግተውበት ሲያይ ቆመ።

«እህቶቼ፣ ደረጃ እኮ መተላለፊያ ነው። ማንን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ማንንም» አለች ቀለም ቀቢዋ፣ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ሳትል። «ስብሰባ ላይ ነን። በግድግዳው ጥግ ይለፉ።»

መምህሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ አዋላጇን አየ። ከዚያ ኮቱን ሰብስቦ በግድግዳው ጥግ አለፈ።

ቀለም ቀቢዋ ወደ አዋላጇ ዞረች። «በይ ቀጥዪ» አለቻት። «ባልሽን ቤቱ ተዪውና።»