የአይሮፕላኑ ቤት ምሰሶ

እሌኒ ቡታጅራ የሄደችው ጣሊያን ሠራው የሚባለውን ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማደሪያ፣ ልታጠና ነበር። ወልቂጤ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ መምህርት ናት፤ ስለ አሮጌ ቤት ከተወራላት ምሳዋን የምትረሳ ዓይነት ሰው። በከተማው ዳር፣ ድሮ አውሮፕላን አርፎበታል በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ «የአይሮፕላን ቤት» የሚለው ትልቅ የቆርቆሮ ቤት አለ። ማዘጋጃ ቤቱ እሱን አፍርሶ መናኸሪያ ሊሠራ አስቧል። የባህልና ቱሪዝም ባለሙያው ይድነቃቸው ደግሞ ቤቱ እንዲፈርስ አይፈልግም። ጣሊያን እንደሠራው በጥናት ከተረጋገጠ ማንም እንደማይነካው በስልክ ነገራት። እሷም በደስታ እሺ አለች፤ እንዲያውም ገና ከወልቂጤ ሳትነሳ የጥናቱን መግቢያ ጽፋ ጨርሳ ነበር።

ይድነቃቸው ከጎንደር ለሥራ መጥቶ፣ እዚያው አግብቶ የቀረ፣ ለከተማዋ ከተወላጆቹ ይበልጥ የሚቆረቆር ሰው ነው። በባጃጅ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ አይሮፕላኑ ቤት ወሰዳት። ነጋዴዎች በርበሬ ስለሚያከማቹበት እሌኒ ገና ከበሩ ማስነጠስ ጀመረች። እያስነጠሰች ገባች፤ ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ግን ባለችበት ቆመች። ከቤቱ መሐል ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው የዝግባ ግንድ ተገትሯል። ከአናቱ የጣሪያው ወራጆች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ዙሪያውን ተዘርግተዋል።

በኋላ የተጨመረ ድጋፍ መስሏት መሰላል አስመጥታ ወጣች። አልነበረም። ወራጆቹ በሙሉ የገቡት ግንዱ ተቦርቡሮ ነው፤ እሱ ከሌለ ጣሪያው አይቆምም።

«ይድነቃቸው፣» አለች ከላይ ሆና፣ «ይሄ ምሰሶ እዚህ ቆሞ አውሮፕላኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ይድነቃቸው ምሰሶውን ስንት ዓመት ሲያየው ኖሯል፤ አውሮፕላኑን ግን አስቦት አያውቅም። በሩን አየ፣ ምሰሶውን አየ፣ ከዚያ አንገቱን አከከ።

እሌኒ በየዓመቱ ተማሪዎቿን ይዛ ቸሃ ትወርዳለች፤ በመሐል ምሰሶ የሚቆመውን የጉራጌ ቤት አሠራር ታውቃለች። ይህ የጣሊያን እጅ አይደለም። ማን እንደሠራው ማወቅ ስለፈለገች ይድነቃቸው ጎረቤት ወዳሉት ወደ እማማ ወለተ ሐና ወሰዳት። እማማ ቤቱ ሲሠራ ልጅ ነበሩ።

ጥያቄውን ሲሰሙ ሳቃቸው ቀደማቸው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ በንጉሡ ጊዜ ነው አሉ። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይመጣል ተባለ። የከተማው ሽማግሌዎች መከሩና እንግዳ ውጭ አያድርም ብለው ከቸሃ ስመ ጥሩውን ቤት ሠሪ ደበሌን አስመጡ። ደበሌ አውሮፕላን አይቶ አያውቅም። ለትልቅ እንግዳ ትልቅ ቤት ሥራ አሉት፤ ሠራ። እንግዳው መጥቶ እየገፉ ሲያስገቡት አፍንጫው ከምሰሶው ጋር ተፋጠጠ።

«ምሰሶው ይቆረጥ ያለም ነበር» አሉ እማማ። «ደበሌ ምሰሶው ፊት ቆሞ፣ ምሰሶ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፣ እንግዳው ይጥበብ አለ።»

ስለዚህ አብራሪው ቤት ውስጥ ተነጥፎለት በክብር ተኛ፤ አውሮፕላኑ ውጭ በዘበኛ አደረ። ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም አልተመለሰም። የጎረቤት ከተማ ሰው በየገበያው ሲስቅባቸው ጊዜ የቡታጅራ ሰዎች አፈሩና ጣሊያን ነው የሠራው ማለት ጀመሩ። ሲደጋገም እውነት መሰለ።

ሲወጡ ይድነቃቸው ፊቱ ጠቁሯል። ለጣሊያን ቤት የሚራራ ቢገኝ እንኳ ለተሳሳተ ቤት ማን ይራራል? እማማ የነገሯትን ለራሷ ብታቆየው ምናለበት፣ ብሎ ለመናት። እሌኒም አልተቆጣችም፤ የጻፈችው መግቢያ ከንቱ መቅረቱ እሷንም አሳዝኗት ነበር። ትንሽ አስባ መጀመሪያ የደበሌን ዘመዶች እንደምታይ ነገረችው።

በማግስቱ በአረቅጥ በኩል በሚኒባስ ወደ ቸሃ ተሻግራ፣ እየጠየቀች እምድብር አጠገብ የደበሌን ልጅ አገኘች። ጋሼ ተረፈ እንሰት እየተከሉ ነበር። ቆጮና አይብ ካቀረቡላት በኋላ አባታቸው ስለ ቡታጅራው ቤት ሲነሳ ወሬ ይለውጥ እንደነበር አጫወቷት፤ ወደዚያም ዳግመኛ አልሄደም። እሌኒ ቀና ብላ የተቀመጡበትን ቤት ጣሪያ አየች። የምሰሶው አቦረቦር ያው ነው፤ አንድ ሰው የሠራቸው ቤቶች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ልቧ የዚያን ጊዜ ቆረጠ።

ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቤቱ በጠራው ስብሰባ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ተናገረች። ስለ አብራሪው ስትደርስ ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዘይባ ዓይናቸውን እየጠረጉ እስኪረጋ ጠበቁ።

«አያቶቻችን ብረትን እንኳ ውጭ አናሳድርም ብለው የሠሩት ቤት ነው» አሉ። «እኛ ምን አሳፈረን?»

ክርክሩ በዚያ አላበቃም፤ የበርበሬ ነጋዴዎቹም አጉረመረሙ። በመጨረሻ መናኸሪያው በቀረው ሜዳ ላይ እንዲሠራ፣ ቤቱ ደግሞ ተጠግኖ የመንገደኛ ማረፊያ እንዲሆን ተስማሙ።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ተረፈ መጡ። እሌኒና ይድነቃቸው ይዘዋቸው ገቡ። ጋሼ ተረፈ ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጀርባቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። ወዲያው ዘንቢል የተሸከመች መንገደኛ መጣችና አባባ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እኔም ልደገፍ አለቻቸው።

እሌኒ ማን እንደሆኑ ልትነግራት አፏን ስትከፍት ጋሼ ተረፈ በዓይናቸው ከለከሏት። ከዚያ ጠጋ አሉላት።