የኢብራሂም አውራ ጣት

ጣሊያኖች ኢብራሂምን የሰቀሉት በሙጫ ነው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጩቤ የሚሠራ ሁሉ ስለቱን በቀለጠ ሙጫ እጀታው ውስጥ ከተከለ በኋላ፣ አንገቱ ላይ የተረፈውን ፍቆ ያጠራዋል። ኢብራሂም ግን አይፍቅም ነበር። ሳይደርቅ «ቢስሚላህ» ብሎ አውራ ጣቱን ይጫንበታል። የጣቱ መሃል የቃጠሎ ጠባሳ ስለነበረው ምልክቱ ከማንም አይምታታም። ደንበኞቹ «መጻፍ ቢያቅተው በጣቱ ይፈርማል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጣርማ በር ላይ አንድ መኮንን ተወግቶ ሲገኝ፣ በጩቤው አንገት ላይ ያ ጣት ነበረ። ኢብራሂም ከተሰቀለ ወዲህ ምልክቱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ይያዛል።

የኢብራሂም ሚስት ሙሚና የታናሽ ወንድሙን የአብዱረሂምን ጩቤ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እሱንም የሠራው ኢብራሂም ነው። አብዱረሂም ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጥጥ ጭኖ ወደ ደብረ ሲና ይወጣል፤ መንገዱ ላይ የጣሊያኖች ኬላ አለ።

«ትተኸው ብትሄድስ?» አለችው።

«የቆላ ሰው ባዶ ወገቡን ቢያዩት ‹ጩቤህን የት ቀበርከው› ነው የሚሉት። ከዚያ እዚህ ቤት መጥተው ይፈትሻሉ።»

ሙጫው እንዲለቅ ጩቤውን ቅቤ ቀባችው። ፍም አጠገብ አሙቃ፣ ብረቱን እንዳይጭረው በእንጨት ስንጣሪ ትፍቀው ጀመር። የጣቱ መስመሮች አንድ በአንድ ጠፉ። ጠባሳው መጨረሻ ላይ ሄደ።

«ኧረ ወንድሜ ሲሠራው እንኳ ይህን ያህል አልቆየም!» አለ አብዱረሂም ከግቢ።

«አንተ አህያህን ጫን።»

ጨረስኩ ስትል ሙቀቱ ከእጀታው ውስጥ ሌላ ሙጫ ገፍቶ አወጣ፤ እንደ ላብ ቸፍ አለ። «ቢስሚላህ» የሚል የባሏን ድምፅ ሰማች። እጇ ሳታዘው ሄዶ አውራ ጣቷን ሙጫው ላይ ተጫነ።

አብዱረሂም ደጃፉ ላይ ቆሞ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ምን አደረግሽ?»

የጩቤው አንገት ላይ ሰፊ የጣት አሻራ ነበር፤ መሃሉ ላይ ጠባሳ አለው። ሙሚና የራሷን አውራ ጣት ገልብጣ አየችው። ቀጭን ነው፤ ጠባሳም የለበትም።

«ሙሚና፣ ለእኔም ወንድሜ ነው» አለ አብዱረሂም። «ግን ይሰቅሉኛል።»

ጩቤውን እንደገና ወደ ፍሙ አስጠጋችው። ስትፍቅ ሕፃን እንደምታባብል ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራ ነበር። «የሚሄደው እኮ አብዱረሂም ነው። የእናትህ ልጅ ነው። ልቀቀው።» በቀዝቃዛ ውሃ ነከረችው። ከእጀታው ሌላ ሙጫ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ከደብረ ሲና የወረዱ ነጋዴዎች ከአጥሩ ውጭ ተጣሩ። አብዱረሂም ኬላውን በሰላም አልፏል። ወታደሩ ጩቤውን አገላብጦ አይቶ፣ ምንም ሲያጣ መልሶ ሰጥቶታል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ከሄዱ በኋላ የባሏን ድምፅ ልታስታውስ ሞከረች። አልመጣላትም።