ዘይት ያልነካው ሰሃን

1

ባዶ።

ዘይት የጠጣው ሰሃን ባዶ ሲሆን ደስ ይላል። ዘይት ያልነካው ሰሃን ባዶ ሲሆን ግን ጉድ ፈላ።

2

አንባቢ ሆይ፣ ድንገት ጀመርኩብህ፤ ይቅርታ። እናትነሽ የማስትሬት ተማሪ ናት። የጦስኝ ዘይት፣ የሕፃናትን አፍ ነጭ የሚያለብሰውን ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ይገድል እንደሆነ ትመረምራለች። ፈንገሱን በየሰሃኑ ትዘራለች። ግማሾቹ ላይ ዘይት ጠብ ታደርጋለች፤ የቀሩትን ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ትተዋቸዋለች። እነዚያ ላይ ፈንገሱ ካልበቀለ፣ ዘይቱ ገደለው ብትል ማን ያምናታል?

3

አማካሪዋ ዶክተር ናሁሰናይ የተናገሩት፣ ምንም ሳይቀነስ፦

«ፈንገሱ ድሮም ሞቶ ነበር። ሁለቴ ከሸፈ። ሦስተኛው ካልሆነ ምረቃሽ ለከርሞ ነው።»

4

 

 

(ቁጥር አራት አልጠፋም። እናትነሽ እያለቀሰች ነው፤ እንተዋት።)

5

እናትነሽና የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ጋሽ ሽብሩ፣ ቃል በቃል፦

ጋሽ ሽብሩ፦ ሰሃኖቹን ማሞቂያው ኢንኩቤተር ውስጥ እንዴት አድርገሽ ነው ያስቀመጥሻቸው?

እናትነሽ፦ እንደ ሁላችንም ነዋ ጋሼ። በሩ አይገጥም፣ አቧራ እንዳይገባ አንድ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ዘይት ያለውንም የሌለውንም?

እናትነሽ፦ አዎ።

ጋሽ ሽብሩ፦ አንቺ ልጅ፣ ያ ዘይት እኮ ይተናል! ኮሪደሩን ሁሉ ያወደ ጦስኝ ፌስታል ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል?

እናትነሽ፦ ወይኔ ጋሼ! ትነቱ ነው የገደለው!

6

አንተም ሞክረው።

ሁለት ሰሃን ላይ ፈንገስ ዝራ፤ ሁለቱንም ዘይት እንዳይነካቸው። አንዱን ጦስኝ ከነካቸው ሰሃኖች ጋር ፌስታል ውስጥ ቋጥረው። ሌላውን ለብቻው፣ ሌላ ክፍል ያለ ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባው።

ጠብቅ።

ጠብቅ አልኩህ! እናትነሽም የኢንኩቤተሩን በር ልትከፍት ስትል ጋሽ ሽብሩ ሦስት ጊዜ እጇን ቸብ አድርገዋታል።

7

በማግስቱ።

ከጦስኙ ጋር የታሰረው፦ ባዶ።

ለብቻው ያደረው፦ ከዳር እስከ ዳር ነጭ፣ እርጎ የተደፋበት ይመስላል። ፈንገሱ ሕያው ነበር! በፈንገስ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዶክተር ናሁሰናይ ሁለቱንም ሰሃን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ።

«ሳይነካው በትነቱ ብቻ ከገደለማ፣ ካሰብነውም ይበልጣል። እንኳን ደስ ያለሽ! ዘንድሮ ትመረቂያለሽ» አሏት።

8

የውጤት ቅጽ

ተመራማሪ፦ እናትነሽ ጥላዬ

ምርመራው፦ የጦስኝ ትነት በካንዲዳ ላይ

ውጤት፦ ፈንገሱ አልበቀለም

የተመራማሪዋ አስተያየት፦

እዚህ ጋ ምንም አልጻፈችም። እስክሪብቶዋን ወርውራ ጋሽ ሽብሩ አንገት ላይ ተጠምጥማለች። እልልታ በፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የምታውቅ ከሆነ፣ ቦታው ይኸው፦

 

..................................