ሃያ እስኪቆጠር

ቡድኑን ያቋቋመችው ልጅቱ ናት፤ ግን አንድም ቀን አልተገኘችበትም። ማስታወቂያውን በእጇ ጽፋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ከለጠፈች ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም ነበር፣ ትኩሳት ያዛት። አራት ቀን ተኛች፤ በአምስተኛው አረፈች። ሃያ ዓመቷ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ምን ይለዋል? ምንም አይለውም፤ ወንበር ደርድሮ ይቀመጣል እንጂ።

ማስታወቂያው አጭር ነው። «ባዮሎጂ የሐኪም ቤትና የዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። ቤታችን ባለው ዕቃ እኛም መሞከር እንችላለን። ፍላጎት ያላችሁ ስልካችሁን ከታች ጻፉ። የሚያስፈልገው ሁለት እጅና ትዕግሥት ነው» ይላል። ከሥሩ ስድስት ሰው ስልኩን ጽፏል።

አባትየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የመዳብ ቱቦ ሲበይድ፣ ጋዝ ሲሞላ፣ ጆሮውን ሞተር ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ የኖረ፣ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር የሚግባባ ሰው። ስለ ባዮሎጂ የሚያውቀው ነገር ቢኖር መብራት ጠፍቶበት የከረመ ፍሪጅ ሲከፈት ምን እንደሚሸት ብቻ ነበር። ልጁ ማታ ማታ ስለ ባክቴሪያ ስታወራው «እሺ እሺ» እያለ ይበላ ነበር። አሁን ያ «እሺ እሺ» ያንገበግበዋል።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሚስቱ ወተት ልታወጣ የቤታቸውን ፍሪጅ ከፈተች። ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አንዲት ክብ፣ ግልጽ፣ ባለ ክዳን ሳህን ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን በፕላስተር ታሽጋለች። ውስጧ ከመረቅና ከባሕር ሣር ዱቄት የረጋ ነገር አለ፤ እሱ ላይ የአምስት ጣት ጫፎች ተጭነው አሻራቸውን ትተዋል። ጣቶቹ ባረፉበት ሁሉ ቢጫና ነጭ ነጠብጣቦች በቅለዋል። ክዳኑ ላይ በልጅቱ ጽሕፈት «የእኔ እጅ፣ ሳይታጠብ» ይላል።

ባልየው እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ «እንዳትነካት!» አለችው።

«እንዳትነካው» አላለችም። ልብ ብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደርደሪያው የሳህኗ ብቻ ሆነ፤ አንድ ሎሚ እንኳ አይቀመጥበትም። ጠዋት ጠዋት፣ ባሏን ደህና አደርክ ሳትል፣ ፍሪጁን ከፍታ «እንዴት አደርሽ?» ትላለች። ለእሱ የምትናገረው ከምግብና ከቁልፍ አያልፍም ነበር።

በወሩ የሳህኗ ጠርዝ መድረቅና መሸሽ ጀመረ። ባልየው ብርድን ያውቃል። ብርድ ነገርን ያቆያል እንጂ አያድንም፤ ይህን ለስንት ደንበኛ ነግሯል። እነዚያ ነጠብጣቦች ወደ አዲስ ሳህን ካልተዛወሩ ማለቃቸው ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወዴት ይሂድ? ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄዶ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ቀስ አድርጎ ላጠውና ስድስቱ ስልኮች ላይ ደወለ።

«እኔ… አባቷ ነኝ» እያለ ጀመረ። አንዱ ስልክ አይሠራም፤ አንዱ «ተሳስተዋል» ብሎ ዘጋ፤ አራቱ መጡ። ስሙን የጠየቀው የለም፤ እንደ ደወለው «አባቷ» ሆኖ ቀረ።

ከመጡት ውስጥ አንዷ በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ነርስ ሆና አታውቅም፤ ግን ነጭ ጋውን ያየ ሁሉ «ሲስተር» ሲላት ማረሙ ሰልችቷት ተቀብላዋለች። የቀሩት ሦስቱ ዝም ከተባለ ጥርሱን የሚያመው ፀጉር አስተካካይ፣ አንዲት ልብስ ሰፊና አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

በየቅዳሜው ከሰዓት አባቷ ጥገና ቤት ይሰበሰባሉ። እሱ ለሙከራው ማሞቂያ ሲያስፈልግ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ሆዱን ዘርግፎ አምፖልና መቆጣጠሪያ ከተተበት።

«ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀዘቅዝ ኖሮ በስተርጅና ምድጃ አደረጉት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አባቷ ፈገግ አለ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ደግሞ ፈገግታው አሳፈረው።

የሲስተር ትምህርት ከባድ አልነበረም፤ ሲስተር ግን ከባድ ነች። ዋናው መሣሪያ ጫፏ እንደ ቀለበት የታጠፈች ቀጭን ሽቦ ናት። ሽቦዋን የአልኮል መብራት ላይ ፍም እስክትመስል ያግሏታል፤ ከዚያ ሃያ እስኪቆጠር ያቆዩአትና ስትበርድ የበቀለውን ነካ አድርገው አዲሱ ሳህን ላይ መስመር ያሰምራሉ። መስመሩ ላይ የበቀለ የእኛ ነው። ከመስመሩ ውጭ የበቀለ ከአየር ወይም ከእጃችን የገባ እንግዳ ነው፤ አይቆጠርም። ወደ አዲስ ተዛውሮ ያለቀለት አሮጌ ሳህን ደግሞ አያድርም፤ የዚያኑ ዕለት በሚያፏጨው የእንፋሎት ድስት ይቀቀላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አባቷ ሽቦዋን አግሎ የበቀለውን ወዲያው ነካ። ሽቦዋ ጭስስ አለች።

ሲስተር እጁን መታ አደረገችው። «ምን ነካዎት? ገደሏቸው እኮ!»

ደነገጠ። የሠላሳ ዓመት እጅ ነው፤ ምን ያድርግ? በእሱ ሙያ የጋለ ነገር ሳይበርድ ይደርሱበታል፤ ከበረደማ ቱቦው አልያዘም፣ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። እጁ «ቶሎ በል» ሲለው እሱ «ቆይ» ማለት ነበረበት። ስለዚህ ጮክ ብሎ መቁጠር ያዘ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ሲል ሌሎቹ እንደ ተማሪ ይቀበሉታል፤ ሃያ ላይ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ «አለፉ!» ይላል።

አሥራ ሁለት ቅዳሜ ተለማመደ። ከእርጎ፣ ከጓሮ አፈር፣ ከአውቶቡስ መጨበጫ እየወሰደ አባዛ። ከፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያ የበቀለውን ያዩ ቀን ሰውየው ግንባሩን ይዞ «ይሄን ደንበኞቼ ካዩ መዝጋቴ ነው!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። የአባቷ መስመሮች እየቀጠኑ፣ እየተስተካከሉ መጡ። ለምን እንዲህ እንደሚተጋ ማንም አልጠየቀውም። በአሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ራሱ ነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ሲስተር ብቻ «ሳህኗ ትምጣ» አለች።

ሚስቱ ግን ሁለት ሳምንት እምቢ አለች። በመጨረሻ የደረቀው ጠርዝ ላይ ግራጫ ሻጋታ ብቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳህኗን በልጅቱ የአንገት ልብስ ጠቅልላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ቀስ ብለህ» አለችው።

የዚያን ቀን ጥገና ቤቱ ውስጥ ኮሽ የሚል አልነበረም፤ ጥግ ካለው የደንበኛ ፍሪጅ ጉርምርምታ በቀር። ልብስ ሰፊዋ አምስት አዳዲስ ሳህኖች ላይ ጽፋለች፤ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት። ሲስተር ሻጋታውን አይታ ፊቷን አጨማደደች። «የምንከፍታት አንዴ ብቻ ነው። ደጋግመን ከከፈትናት ሻጋታው ሁሉም ላይ ይበተናል» አለች።

አባቷ ፕላስተሩን ላጠ፣ ሽቦዋን አጋለ፣ አጎነበሰ። እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አልቆጠረም፤ የቆጠረለትም የለም። ለቅሶ ቤት ማን ይቆጥራል? ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ሲስተር ልታይ ጠጋ አለችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ መሬት መሬት አየች። እሱ በየመሐሉ ሽቦዋን እያጋለ አምስቱንም ጣቶች ተራ በተራ ነካ፣ አምስት ሳህን ላይ አሰመረ። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

አሮጌዋ ሳህን ቀረች።

«ይቺስ ብታድር ምን አለበት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቀስ ብሎ።

ሲስተር አባቷን አየችው። ለአንድ ጊዜ ሕጓን ልትተውለት ዝግጁ ነበረች፤ እሱ ግን ኮርቷል፣ ደረቱ ሞልቷል። «ቤት ቀይራለች እኮ» አላቸው። «አሮጌው ቤት ምን ያደርግላታል?» ብሎ ክዳኗን ለማስታወሻ አስቀረና ሳህኗን በገዛ እጁ ድስቱ ውስጥ ከተታት። ድስቱ እስኪያፏጭ አጠገቡ ቆመ።

እሑድን እንደምንም አሳለፈ። ሰኞ በጠዋት አምስቱ ሳህኖች ያደሩበትን ማሞቂያ ከፈተ፤ ምንም የለም። «ገና ነው» አለ ለራሱ። ማክሰኞም የለም። ረቡዕ ከሰዓት ሁሉም ሥራቸውን ትተው መጡ። አራቱ ሳህኖች እንደ ተሠሩበት ቀን ንጹሕ ናቸው። አውራ ጣት የተጻፈበት ላይ ግን አንዲት ቢጫ ነጠብጣብ አለች፤ የስንዴ ፍሬ ታክላለች።

«በቀለች!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ። «አባቷ፣ ይኸው! አንዷ ወጥታለች!» ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች። ሹፌሩ የአባቷን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው።

አባቷ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው። ያሰመረው መስመር በረጋው ነገር ላይ እንደ ጥፍር ጭረት ይታያል። በጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«መስመሩ በዚህ ነው የሚሄደው» አለ። «እሷ ያለችው እዚህ ነው። ውጭ ነች። እንግዳ ነች።»

«አንዳንዴ እኮ…» ብላ ሲስተር ጀመረች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«ሲስተር፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሲስተር የደንበኛ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለች። «ሃያ ሲቆጥሩ ግን አልሰማሁም። ልጅዎን ሲያነጋግሩ እንዴት ላቋርጥዎት? በልብዎ ቆጥረው የጨረሱ መሰለኝ… መስሎኝ ሳይሆን እንዲመስለኝ ፈለግሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ያኔ ገባው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ቁጥር አልነበረም። የጋለችውን ሽቦ ይዞ፣ አሥራ ሁለት ቅዳሜ የተማረውን ረስቶ፣ የሠላሳ ዓመት እጁ እንደ ለመደው ወዲያው ነክቷል። አምስቱንም። ሽቦዋ ስትነካ ጥቂት ጭሳ ይሆናል፤ እንባው ዓይኑን ጋርዶት አላየም፤ ጭስስ ማለቷንም የዚያ ፍሪጅ ጉርምርምታ ውጦት አልሰማም።

«እርስዎ ምን አጠፉ» አላት። የቢጫዋን ሳህን ወደ ድስቱ ወሰደ። ፀጉር አስተካካዩ የድስቱን ክዳን አነሳለት።

ወደ ቤት በእግሩ ሄደ። መንገዱ አጠረበት። ሚስቱ ወጥ ቤት ነበረች። መደርደሪያውን አጥባ፣ ንጹሕ ፎጣ አንጥፋበታለች፤ አምስት ሳህን እንዲበቃ ከታች ያለውን ዕቃ ሁሉ ሌላ ቦታ አዛውራለች። እንዲህ ስትንጎዳጎድ ካያት ወራት አልፈዋል። ባዶ እጁን አይታ ከኋላው ያለ ይመስል አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«አላመጣሃቸውም?»

«አልበቀሉም።»

«ገና ይሆናል…»

«ገና አይደለም። ሽቦው ሳይበርድ ነካኋት። አቃጠልኳት፣ አንቺ። በእጄ።»

ፍሪጁ እንደ ተከፈተ ነው፤ ብርዱ እግራቸው ላይ ይወርዳል። ሌላ ቀን ቢሆን «ዝጊው፣ ሞተሩ ይደክማል» ይላት ነበር።

«ሃያ ትቆጥር አልነበር?» አለችው። ቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ልታውቅ ፈልጋ ነው። «በእንቅልፍህ ሳይቀር ስትቆጥር እሰማህ ነበር።»

«ቅዳሜ ዕለት አልቆጠርኩም። እሷን ሳወራት ነበር።»

ሚስቱ የፎጣውን ጫፍ አስተካከለች፤ እንደገና አስተካከለች። ከቀብሩ ወዲህ ቀና ብላ ዓይኑን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን አልካት?»

እሱ የፍሪጁን በር ዘጋው። 

«‹አይዞሽ፣ ቀስ ብዬ ነው› አልኳት።»